ከዘር በፊት

ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ጾመ ነቢያት ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ገጠር የምትኖረውን አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እኛ ቤት ሁላችንም «እቴቴ» ነው የምንላት። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ውርጭ ወርዶ ስንዴውን መትቶታል። ያ አካባቢ ለውርጭ እንግዳ አይደለም፤ የዚያ ዓመቱ ግን ከፋ። ተወቅቶ ቤት የገባው እህል ከሌላው ጊዜ ግማሹንም አይሞላም።

ስደርስ እቴቴ ደጃፉ ላይ ካለው መደብ ተቀምጣ፣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ስንዴ ትለቅማለች። ለቆሎ መስሎኝ ነበር። ለቆሎ ግን እንዲህ አይለቀምም። እፍኝ ታነሳለች። ሰፌዱ ላይ በስሱ ትዘረጋዋለች። ከዚያ በሁለት ጣቷ አንድ በአንድ ነው። እንክርዳዱ ወዲያ፣ የተሰበረው ወዲያ፣ ውርጭ አጨማዶት ቆዳው ብቻ የቀረው ወዲያ። ሞላ ያለው ፍሬ ብቻ አጠገቧ የተነጠፈ ንጹሕ ነጠላ ላይ ይወርዳል። ነጠላውን ሳይ ገባኝ። መገበሪያ ነው፤ ለቁርባን የሚሆን ስንዴ። ከዚያ ሁሉ የተጎዳ እህል ውስጥ ዓይን የሚሞላውን እየመረጠች ለአጥቢያዋ ለሚካኤል ታዘጋጃለች።

የእኔ እንጀራ ሒሳብ ነው። ስደምርና ስቀንስ ነው የምውለው። ወደ ውስጥ ገባ ብዬ ጆንያዎቹን አየሁ። ለሰኔ ዘር ይህን ያህል፣ ለቀለብ ይህን ያህል፣ ተሽጦ ለማዳበሪያ የሚከፈለው ይህን ያህል እያልኩ በሐሳቤ አካፈልኩት። አልደርስ አለኝ። ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እቴቴ፣ ምርጥ ምርጡን ለዚህ ካደረግሽው፣ ለዘርስ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም።

«ዘሩንማ ከዚህ ቀጥዬ እለያለሁ» አለች። «መጀመሪያ የእሱ፣ ቀጥሎ የዘሩ፣ ከዚያ የጎታው። ምነው ልጄ፣ ትራፊ ልውሰድለት እንዴ?»

ይኸው ነው። ወደ ለቀማዋ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ የመንደሩን ወሬ ታጫውተኝ ጀመር። እኔ ግን እዚያው ላይ ቀረሁ።

እቴቴ ነገ አያሳስበኝም የምትል ሴት አይደለችም። ገበያ ወጥታ በግ ስትሸጥ አንዲት ብር አትለቅም። ዘር ያጣ ገበሬ ሰኔ ላይ ምን እንደሚገጥመው ከእኔ በላይ ታውቃለች። ዘሩን አልዘነጋችውም። ሁለተኛ ነው ያደረገችው። እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ መውደድ ሲባል እኔ የሚመጣብኝ ብዛት ነበር። ብዙ እንባ፣ ብዙ ስግደት፣ ብዙ ሰዓት። እሷ ጋ ያየሁት ግን ተራ ማስያዝ ነው። ስንዴው እኮ በዛ ቢባል ሁለት ሦስት ቁና ነው። ተራው ግን ቤቱን በሙሉ ይመራዋል።

ስለ መቶው መክሊትስ?

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ፣ ማታ ማታ የማነበው ሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 25 ላይ ደረሰ። የይሁዳ ንጉሥ የአሜስያስ ታሪክ ነው። ከዚያ በፊት ሳልቆምበት ያለፍኩት ምዕራፍ ነው። የዚያን ምሽት ሁለተኛው ቁጥር ላይ ቆምኩ። አሜስያስ በእግዚአብሔር ፊት ቅን ነገር አደረገ፣ ነገር ግን በፍጹም ልብ አልነበረም ይላል።

ይህ ቃል ያስፈራል። ክፉ አደረገ ቢል ይቀለኝ ነበር። ሰውየው ያደረገው ልክ ነው። አባቱን የገደሉትን ሰዎች ሲቀጣ እንኳ ልጆቻቸውን አልነካም፤ የሙሴ ሕግ ልጅ በአባቱ ኃጢአት አይገደል ስለሚል። በዚያ ዘመን ዙፋን ላይ ለተቀመጠ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከውጭ ሆኖ የሚያየው ሰው ምንም እንከን አያገኝበትም። ጉድለቱን ያየው እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ታሪኩ ይቀጥላል። አሜስያስ ኤዶምን ሊወጋ ተነሣ። ከሕዝቡ 300,000 ተዋጊ ቆጠረ። አልበቃው ብሎ ከእስራኤል 100,000 ኃያላን በ100 መክሊት ብር ቀጠረ። ያኔ የእግዚአብሔር ሰው መጥቶ፣ እነዚህ አብረውህ አይውጡ አለው። ንጉሡ እሺም እምቢም አላለም። ለእነዚህ ሰዎች ስለ ሰጠሁት መቶ መክሊትስ ምን ላድርግ? ነው ያለው።

እዚህ ጋ መጽሐፉን አስቀመጥኩት። ጥያቄው የእኔ ጥያቄ ነው። ለዘርስ?

ጥያቄው በራሱ ኃጢአት አይመስለኝም። ብሩ ትልቅ ብር ነው። ነቢዩም አልገሠጸውም፤ እግዚአብሔር ከዚህ አብልጦ ሊሰጥህ ይችላል ብሎ መለሰለት። አሜስያስም ሰማ። ወታደሮቹን አሰናበተ። ብሩ ቀረ። እንግዲህ ታዟል። ታዲያ ልቡ የጎደለው የቱ ላይ ነው?

ወረድ ሲል ይመጣል። የተሰናበቱት ወታደሮች በቁጣ ሲመለሱ የይሁዳን ከተሞች ወረሩ። 3,000 ሰው ገደሉ፣ ብዙም ዘረፉ። አሜስያስ በበኩሉ በጨው ሸለቆ ድል አደረገ። ድል አድርጎ ሲመለስ ግን ያሸነፋቸውን የሴይርን ሰዎች፣ ማለትም የኤዶማውያንን፣ አማልክት ይዞ መጣ። አቆማቸው፣ ሰገደላቸው፣ ዐጠነላቸው። ሌላ ነቢይ ተላከና፣ የገዛ ሕዝባቸውን ከእጅህ ያላዳኑትን አማልክት ለምን ፈለግህ ብሎ ጠየቀው። እውነትም ነገሩ ግራ ያጋባል። የተሸነፈ ሕዝብ ጣዖት ለአሸናፊው ምን ያደርግለታል?

መጽሐፉ ምክንያቱን አይናገርም። እኔ የማነበው እንዲህ ነው። አሜስያስ ታዘዘ፤ ሒሳቡን ግን አልዘጋውም። ብሩ ወጥቷል። ከተሞቹ ተዘርፈዋል። «እሱን ሰምቼ ይህን ሁሉ አጣሁ» የሚል ቅሬታ ልቡ ውስጥ ቀርቷል። በአንድ እጁ እየታዘዘ በሌላው የከሰረውን ይቆጥር ነበር። እንዲህ ያለ ሰው መጠባበቂያ ይፈልጋል። የማንም ይሁን፣ ብቻ አንድ ተጨማሪ ነገር።

ይህን የምለው ከራሴ ስለማውቀው ነው። ከዓመታት በፊት እሠራበት የነበረ አንድ ድርጅት ሁለት መዝገብ እንድይዝ ጠየቀኝ። አንዱ ለባለቤቶቹ፣ አንዱ ለግብር። እምቢ አልኩ። እንደ ክርስቲያን ሌላ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም ቢሆን የለኝም። ብዙ ሳይቆይ ሥራውን ለቀቅኩ። ቀጥሎ የመጣው ጊዜ ከባድ ነበር። ቤት ኪራይ የተበደርንበት ጊዜ ነበር። አብረውኝ ይሠሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ ፈርመው ቀጠሉ። መኪና ገዙ፣ ቤት ሠሩ። እኔም ቀስ ብዬ ሌላ ሥራ አገኘሁ፤ ኑሮም ተስተካከለ። ግን ከእነሱ አንዱን መንገድ ላይ ሳገኝ፣ ሰላምታው ሳያልቅ ውስጤ መቁጠር ይጀምራል። ይህን ያህል ዓመት፣ ይህን ያህል ደመወዝ። የእኔ 100 መክሊት እሱ ነው።

ለእግዚአብሔር ብለን የተውነውን ነገር ዞር ብለን ስንቆጥረው፣ ተውነው ማለት ይቻላል? ገና እየመለስኩት ያለሁት ጥያቄ ነው።

ሁለት ባላ

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ አበው። ለኑሮ ሲሆን ይህን ምክር እወደዋለሁ። በደመወዝ ብቻ አትኑር፣ እቁብም ጣል፣ ጎን ለጎን ሌላም ሞክር የሚል ሰው አስተዋይ ነው። ጣጣው ይህንኑ ብልሃት ይዘን ወደ እግዚአብሔር ፊት ስንቀርብ ነው።

የሚታይ ሁለተኛ ባላ አለ። ጠዋት ኪዳን አስደርሶ ከሰዓት ጠንቋይ ቤት የሚሄድ ሰው ሁላችንም ሰፈር አለ። ልጅ ሲታመም፣ ንግድ ሲቀዘቅዝ፣ ትዳር ሲናጋ ጠበሉም ይጠጣል፣ ክታቡም ይታሰራል። ይህን ሰው ከሃዲ ማለት ይከብደኛል። ፈርቷል። ፍርሃቱ ነው ሁለት በር የሚያስንኳኳው። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ «እስከ መቼ ድረስ በሁለት አሳብ ታነክሳላችሁ?» ያለው እንዲህ ላለው ሰው ነው። እስራኤል እግዚአብሔርን አናውቅም አላሉም። ዝናብ ይሰጣል የሚባለውን በኣልን ግን ከጎኑ አቆሙ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማይታየው ባላ ነው። ሥራችን፣ የምናውቀው ባለሥልጣን፣ ውጭ አገር ያለች እኅት። እነዚህ ስጦታዎች ናቸው፤ እናመስግንባቸው። ግን አፋችን «አንተ ታውቃለህ» እያለ ልባችን እነሱ ላይ ያረፈበት ጊዜ ብዙ ነው። እስኪናወጡ ድረስ አናውቀውም። መሥሪያ ቤት ሰው ሊቀነስ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ ስንቶቻችን ነን ጸሎት አልመጣ ያለን? መጨነቅ ያለ ነው። መጨነቃችን ግን ምን ላይ ተደግፈን እንደነበር ያሳየናል።

ሰውም ባላ ይሆናል። የአሜስያስ አባት ኢዮአስ ካህኑ ዮዳሄ በሕይወት እስካለ ድረስ መልካም ንጉሥ ነበር። የእግዚአብሔርን ቤት አሳደሰ፤ ለእድሳቱም በቤቱ በር ሣጥን አስቀምጦ ሕዝቡን በደስታ አስዋጣ። ዮዳሄ በ130 ዓመቱ ሞተ። ወዲያው ኢዮአስ ጣዖት ወደሚወዱት ሹማምንት ዞረ። የዮዳሄን ልጅ ዘካርያስን እንኳ በድንጋይ አስወገረ። ፍቅሩ ዮዳሄ ላይ ተንጠልጥሎ የቆየ ነው የሚመስለኝ። ዛሬም ከአንድ ሰባኪ፣ ከአንድ ዘማሪ፣ ከአንድ ማኅበር ጋር የተሰፋ መንፈሳዊ ሕይወት እናያለን። ሰውየው ሲወድቅ ወይም ሲሄድ ሁሉ ነገር አብሮ ይሄዳል። እንዲህ የሆነበት ወዳጅ አለኝ። ለዓመታት ከጉባኤ የማይጠፋ ልጅ ነበር። አሁን ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲነሣ ርእስ ይቀይራል። ባየሁት ቁጥር አዝናለሁ።

የያሬድ እግር

ቅዱስ ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ የንጉሡ ጦር እግሩ ላይ ተተክሎ ደም ሲፈስ ሁለቱም እንዳላወቁት ሰምተን ነው ያደግነው። ልጅ ሳለሁ ይህን ታሪክ እወደው ነበር። አደግ ስል ግን ተስፋ አስቆረጠኝ። እኔ ቅዳሴ ቆሜ የጎረቤቴ ስልክ ሲነዝር እሰማለሁ። ጫማዬ ሲጠበኝ ይሰማኛል። ፍጹም ልብ ማለት የያሬድ ልብ ከሆነ፣ የእኔ ነገር አልቋል ብዬ አስብ ነበር።

ዛሬ ታሪኩን ከፊትና ከኋላው ጋር ነው የማየው። ጦሩ እግሩ ላይ ከመተከሉ በፊት ያሬድ ትምህርት እምቢ ብሎት ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ቤት የሸሸ ልጅ ነበር። ዛፍ ስር ሆኖ፣ ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ ዛፉ ላይ የወጣችውን ትል አይቶ ተመለሰ። ከዚያ ዓመታት ተማረ። ድጓ የሚማር ተማሪ ያየ ሰው ዓመታት ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ሌሊት መነሣት፣ መቀጸል፣ መሳት፣ እንደገና። ኋላም ንጉሡ የፈለግኸውን ጠይቅ ሲለው የለመነው ሹመት አይደለም። ከቤተ መንግሥት ተሰናብቶ ወደ ሰሜን ተራሮች መሄድን ነው። እዚያም በብሕትውና ኖረ። ከጦሩ በፊትም ዓመታት አሉ፤ ከጦሩ በኋላም ዓመታት አሉ። እኛ የምንተርከው መካከል ያለችውን ቅጽበት ብቻ ነው።

ስሜትን መናቄ አይደለም። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚለው እውነት ነው። እንባ ሲመጣ ጸጋ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጉባኤ ላይ ልብ በእንባ ሲመዘን አያለሁ። ያለቀሰ እንደተነካ፣ ያላለቀሰ እንደደነደነ ይቆጠራል። በሳምንቱ ያው ያለቀሰው ሰው መዝገብ ላይ ምን እንደሚፈርም ማንም አይጠይቅም። እኔ እንባዬን ማዘዝ አልችልም። ጠዋት ምን እንደማስቀድም ግን ማዘዝ እችላለሁ።

ቅዳሴው ራሱ ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲሉ ልባችሁን ከፍ አድርጉ ነው የሚሉን። እኛም በእግዚአብሔር በአምላካችን ዘንድ ነው ብለን በአንድ ድምፅ እንመልሳለን። ትልቅ ቃል ነው የምንናገረው። ከዚያ በኋላ ግን ዲያቆኑ ዝም አይልም። የተቀመጣችሁ ተነሡ ይላል። ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ይላል። እናስተውል ይላል። ልባችን እግዚአብሔር ዘንድ ነው ላለ ሕዝብ ይህ ሁሉ ማሳሰቢያ ለምን አስፈለገ? የሚሸሽ ልብ እንዳለን ስለሚታወቅ ነው። ሥርዓቱ የተሠራው ሐሳቡ ለሚባዝን ሰው ነው። ባዘንክ ብሎ አያባርርም፤ ይጠራሃል። ሄደህ ከሆነ ተመለስ፣ እንደገና ሄደህ ከሆነ እንደገና ተመለስ። ይህ ከገባኝ ወዲህ ሐሳቤ ሲሄድ ራሴን መርገም ትቻለሁ። የዲያቆኑን ድምፅ ስሰማ እመለሳለሁ። በአንድ ቅዳሴ ብዙ ጊዜ።

ሰባቱ የጸሎት ሰዓታት፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴው፣ ፍልሰታው የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። 55 ቀን ጾሞ አንድም ቀን ልቡ ያልባዘነ ሰው አላውቅም። ነገር ግን ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን የሚጠብቅ ሆድ፣ ሳይወድም ቢሆን ማን መጀመሪያ እንደሆነ ይማራል። ሥጋም እንዲህ ተራ ይይዛል።

ደመወዝ የገባ ቀን

እቴቴን ካየሁ በኋላ እኛ ቤት አንድ ነገር ለወጥን። አሥራት በኩራት ወር መጨረሻ ላይ ከተረፈው የምናወጣው ነገር ነበር። «በኩራት»፣ የመጀመሪያ ፍሬ፣ እያልን ከመጨረሻው። አሁን ደመወዝ የገባ ቀን፣ ከኪራይና ከትምህርት ቤት ክፍያ በፊት እናወጣለን። ለባለቤቴ ይህን ሳነሣላት ወረቀትና እስክርቢቶ ይዛ ቁጭ አለች። ወጪያችንን ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ «የልጆቹ የትምህርት ቤትስ?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ያ ጥያቄ በሌላ ሰው አፍ ሲመጣ ክብደቱ ይታወቃል። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን እሷ የጠየቀችው የእምነት ማነስ ስላለባት አይደለም፤ ልጆቹ የሁለታችንም አደራ ስለሆኑ ነው። እቴቴም ዘሩን ሁለተኛ ለየችው እንጂ አልተወችውም። ስለዚህ አብረን ተቀምጠን አሰብን። የእቁቡን መጠን ዝቅ አደረግን። ለበዓል ልብስ የምናወጣውን ተውን። የትምህርት ቤቱ ሁለተኛው መስመር ላይ ገባ። ያን ማታ የተነጋገርነው ብዙ ነገር ነው፤ ስለ ገንዘብ እንዲህ ተነጋግረን አናውቅም። ከሁሉ በላይ ምን እንደምንፈራ ተነጋገርን።

ከዚያ በኋላ በረከት በረከት ሆነ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። እንደዚያ አልሆነም። የመጀመሪያው ወር ላይ ማቀዝቀዣው ተበላሸ። ሁለተኛው ላይ ትንሹ ልጅ ታመመ። እግዚአብሔር ከዚህ አብልጦ ሊሰጥህ ይችላል የሚለውን ቃል እንደ ውል የሚሰብኩ ሰዎች አሉ። ይህን ያህል ስጥ፣ ይህን ያህል እጥፍ ይመለስልሃል ይላሉ። እናቶች ለመድኃኒት የያዙትን ብር ሲሰጡ አይቻለሁ። ይህ ያንገበግበኛል። ነቢዩ ለአሜስያስ ይችላል አለው እንጂ ቀጠሮ አልሰጠውም። ንጉሡ ከታዘዘ በኋላም ከተሞቹ ተዘርፈዋል። መታዘዝ ከኪሳራ ዋስትና አይደለም። የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው። እኛ ቤት ያየሁት ለውጥ ቢኖር፣ ወር መጨረሻ ላይ ስንጨነቅ የምንጨነቀው አብረን ነው፤ ጸሎቱም የእውነት ሆኗል። ድሮ ስንጸልይ የምንለምነው በእጃችን የያዝነውን ነበር። አሁን ግን የጎደለንን እንለምናለን።

ገንዘቡ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ጊዜው ይከብዳል። ጠዋት ዓይኔ ሲገለጥ እጄ ወደ ስልክ ነው የሚሄደው። ቴሌግራም አንድ ጊዜ ከተከፈተ የዓለም ጭንቀት በሙሉ ወደ አልጋዬ ይመጣል። ስለዚህ ስልኩን ሳሎን አስቀምጬ መተኛት ጀመርኩ። ስነሳ መጀመሪያ ዳዊት ነው። አንዳንድ ቀን አንድ መዝሙር ብቻ። ቃሉ አልገባ የሚለኝ ቀን አለ፣ ከንፈሬ ብቻ የሚንቀሳቀስበት ቀን አለ። ቢሆንም ሌላው ነገር ሁሉ ተራውን ይጠብቃል።

ካሌብ ያሳለፋቸው ዓመታት

ከአሜስያስ ጋር ሳወዳድረው የምውል አንድ ሰው አለ። ካሌብ በ40 ዓመቱ ምድረ ከነዓንን ሊሰልል ተላከ። ከ12ቱ 10ሩ ሕዝቡን አስፈሩ። ካሌብና ኢያሱ ብቻ እንችላለን አሉ። ሕዝቡ በድንጋይ ሊወግራቸው ፈለገ። እግዚአብሔርም ስለ ካሌብ ፈጽሞ ተከተለኝ ብሎ መሰከረለት።

ከዚያስ? አብሮ ተቀጣ። የፈሩት ሰዎች ምድረ በዳ ሲዞሩ እሱም ዞረ። እሱ ያላጠፋውን ጥፋት አብሮ ከፈለ። ከግብፅ ሲወጡ ሃያ ዓመት ያለፋቸው እኩዮቹ ሁሉ፣ ከኢያሱ በቀር፣ አንድ በአንድ ሞቱ። አብረውት ያደጉትን ቀበረ። ቅሬታ መያዝ ቢፈልግ፣ የካሌብ ሒሳብ ከ100 መክሊት ይበልጣል። ዕድሜው ነው የሄደው።

ከ45 ዓመት በኋላ ኢያሱ ፊት ቆመ። ዛሬ 85 ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ግን እንደ ያኔው ነው አለ። ያን ተራራማ አገር ስጠኝ አለ፤ ግዙፎቹ ዔናቃውያን የሚኖሩበትን፣ ትልልቅ የተመሸጉ ከተሞች ያሉበትን። ያኔ 10ሩን ያስፈራቸው ቦታ ነው። ኬብሮን ተሰጠው። ንግግሩን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስለ ጠፉት ዓመታት አንድም የምሬት ቃል የለበትም። እግዚአብሔር በሕይወት አኖረኝ ብሎ ነው የቆጠራቸው።

መጽሐፉ በእነዚያ ዓመታት ካሌብ እንዴት እንደኖረ አይነግረንም። መና እየለቀመ፣ ድንኳን እየተከለና እየነቀለ፣ የሰው ጥፋት ውጤት ውስጥ እየኖረ ልቡ እንዴት አልጎመዘዘም? ከፈሩት ሰዎች አንዱን መንገድ ላይ ሲያገኝ ምን ይለው ነበር? በጸሎቱስ ቅሬታውን ይናገረው ነበር ወይስ ዋጥ ያደርገው ነበር? እኔ ፍጹም ልብ ብዬ የምለምነው ይህን ነው። ለእግዚአብሔር ብዬ ያጣሁትን ነገር እንደ ካሌብ መቁጠር እፈልጋለሁ፣ እንደ አሜስያስ ሳይሆን።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ሁለቱ መዝገብ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። እምቢ ስላልኩት ሳይሆን እስካሁን ስለምቆጥረው። እሳቸውም ብዙ አልተናገሩም። የነዚያን የሥራ ባልደረቦችህን ስም ጽፈህ አምጣልኝ፣ አብረን እንጸልይላቸዋለን አሉኝ። ጽፌያለሁ። አንዱን ስም ለመጻፍ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።